የጉበት ሕሙማንን ሆድ በስልክ መከታተል፦ መዝጋቢው ማን ይሁን?

ሲሮሲስ የጉበት ሥጋ በረጅም ጊዜ ጉዳት ቀስ በቀስ በጠባሳ የሚተካበት ሕመም ነው። ጤናማ ጉበት በአንጀት ውስጥ የሚፈጠረውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ሲያደርግ፣ የተጎዳው ጉበት ግን ይህን በበቂ ስለማይሠራ አሞኒያው ከሌሎች መርዛማ ነገሮች ጋር በደም አንጎል ይደርስና ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ የተባለውን የአእምሮ መታወክ ያስከትላል። ሕመምተኛው ቀን እያንቀላፋ ሌሊት ይነቃል፣ ቀኑና ቦታው ይምታታበታል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል።

ለዚህ መታወክ ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰጠው ላክቱሎዝ ትንሹ አንጀት የማይመጠው ሰው ሠራሽ ስኳር ሲሆን፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ አሞኒያው ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ መድኃኒቱ የሚስበው ውኃም ጠራርጎ ያወጣዋል። የሚፈለገው በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። ከዚህ ካነሰ የሆድ ድርቀቱ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ከበዛም ተቅማጡ የሰውነትን ውኃ አሟጥጦ ሰውየውን ወደዚያው መታወክ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጠኑ ቤት ውስጥ ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ ቆጥሮና አመዛዝኖ እንዲወስን የሚጠበቀው ግን ሕመሙ የማስታወስ ችሎታውን የሚነካበት ያው ሰው ነው። የክትትሉ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የስልክ መተግበሪያዎች የገቡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ብዙዎቹ የሚመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው የብሪስቶል መለኪያ ላይ ሲሆን፣ መለኪያው ሰገራን ከደረቅ እንክብል እስከ ፍጹም ፈሳሽ በ7 ዓይነት ይከፍላል። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ሴዳርስ-ሳይናይ የሕክምና ማዕከል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ በስልክ የተነሣን የሰገራ ፎቶ የሚመዝን ሶፍትዌር ከሕመምተኞቹ የራስ ግምት ይልቅ ከባለሙያዎች ዳኝነት ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ይሁንና ተሳታፊዎቹ የጉበት ሳይሆን የአንጀት ሕሙማን ስለነበሩ ውጤቱን እንዳለ ለሲሮሲስ ማዋል ጥድፊያ ይሆናል።

ለጉበት ሕሙማን ይበልጥ የቀረበው በቨርጂኒያ በተመራማሪው ጃስሞሃን ባጃጅና ባልደረቦቻቸው የተሞከረው ፔሸንት በዲ የተባለው መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን ከነአስታማሚዎቻቸው ለ30 ቀናት ክትትል ሲደረግላቸው፣ መድኃኒት መውሰዳቸውንና ክብደታቸውን ይመዘግቡ፣ የአእምሮ ንቃታቸውንም በስልኩ ይፈትሹ ነበር፤ አሳሳቢ ለውጥ ሲታይ ማንቂያው ለሕክምና ቡድኑ ይደርስ ነበር። የማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ሙከራ በመሆኑ የተገኘው ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ትልቁ ቁም ነገር አስታማሚው ከመጀመሪያው የሥርዓቱ አካል መደረጉ ነው።

የንቃት ፈተናው ኢንሴፋልአፕ ይባላል፤ “ቀይ” የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ሲቀርብ ሰውየው ቃሉን ትቶ ቀለሙን ለመለየት የሚወስድበትን ጊዜ ይለካል። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ፈተና አይሆንም።

ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋባትና የጉበት ሕመም በርካቶችን በሚጎዳባት ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢታሰብ ከዚህ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሐረር ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል፤ ጫት ሆድ እንደሚያደርቅም የታወቀ ስለሆነ መዝገቡ ስለ ጫት ሳይጠይቅ የድርቀቱን ምክንያት ሊያውቅ አይችልም። የጋራ ጉድጓድ መጸዳጃ በሚጠቀም ቤተሰብ ፎቶ ማንሣት አስቸጋሪ ነው፤ “8፡00” የሚል የመድኃኒት ማስታወሻም ለአንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ለሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። በሌላ በኩል አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ እምብዛም አይገኝም፤ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ሌሊት ተኛ ወይስ ነቃ፣ ንግግሩ ተቀየረ ወይ የሚሉትን ሚስት ወይም ልጅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ በድምፅ ተጠይቀው ሊመልሱ ይችላሉ፤ መልሱን ተቀብሎ የላክቱሎዙን መጠን በዚያው ቀን የሚያስተካክል ነርስ ወይም ሐኪም ግን አስቀድሞ መመደብ አለበት።