አጥንቱን ወደ አፈር የሚመልሰው እንስሳ

አዲስ አበባ ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ሥጋ ቤቶች ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ወንበር አይገኝባቸውም። ቁርጡ ይቆረጣል፣ ጥብሱ ይጠበሳል፣ ቅቅሉ ይወጣል። ሥጋው ተበልቶ ያልቅና አጥንቱ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ስለ አጥንቱ የሚጨነቅ የለም። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚመጋገብ ለማስረዳት ግን ከዚህ አጥንት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ አጥንቱን ከጅብ በላይ የሚጠቀምበትም የለም።

በሬው ከቦረና፣ ከሐረርጌ ወይም ከአርሲ ነው የመጣው። እዚያ ሣሩ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃና ከአየር ምግቡን ሠራ፤ በሬው ሣሩን ጋጠ፤ እኛ ደግሞ በሬውን በላን። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚተላለፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው።

አንደኛው ኃይል ነው። በሬው ከሣሩ ያገኘውን ኃይል አብዛኛውን ሲራመድ፣ ሲያመሰኳና ሰውነቱን ሲያሞቅ ይጨርሰዋል፤ ሥጋና ስብ ሆኖ የሚቀመጠው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። እኛም ከሥጋው ያገኘነውን እንዲሁ እናደርገዋለን። ኃይል ከአንዱ ተመጋቢ ወደ ሌላው ሲያልፍ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ በመለካት ለዚህ ጥናት መሠረት የጣለው ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። ሚኔሶታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ ለዓመታት አጥንቶ የጻፈው ጽሑፍ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲታተም እሱ በ26 ዓመቱ አርፎ ነበር። ሙቀት ሆኖ የወጣ ኃይል ተመልሶ አይመጣም። የዓለም ማዕድ ሳይታጠፍ የሚውለው ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ስለምታቀርብለት ነው።

ሁለተኛው ንጥረ ምግቡ ነው፤ እሱን ፀሐይ አትሰጥም። ያለው ያው ነው፤ እየዞረ መመለስ አለበት። ናይትሮጅን ቢያንስ አየሩ ውስጥ ሞልቷል፤ በባቄላና በአተር ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ይዘው ለአፈሩ ያካፍሉታል። ፎስፈረስ ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ የለውም። ከድንጋይ ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ ሥር ይስበዋል፣ ሣር ይሆናል፣ በሬ ይሆናል። በሬው ዕድሜውን ሙሉ ከግጦሹ ከለቀመው ፎስፈረስ ሰውነቱ ውስጥ ከቀረው ደግሞ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ያለው አጥንቱ ውስጥ ነው። እንግዲህ በከረጢት ታስሮ የወጣው ይኸው ነው።

ጅብ እዚህ ላይ ይመጣል። ሰው ጅብን የሚያውቀው በጩኸቱና በፍርሃት ነው፤ ሥራውን ግን የሚያውቅለት ጥቂት ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት ያለው ነጠብጣቡ ጅብ ነው። በዚህ ዘር ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ጉንጩ ውስጥ ያሉት ወፍራም ሾጣጣ ጥርሶች የተሠሩት ለመስበር ነው፤ ውሻ ሲግጠው የሚያድረውን የጭን አጥንት ጅብ ሰብሮ መቅኒውን ከነስባሪው ይውጠዋል። ጨጓራው ውስጥ ያለው ጠንካራ አሲድ አጥንቱን ያሟሟዋል። ሆዱ እምቢ የሚለው ፀጉሩን፣ ቀንዱንና ሰኮናውን ነው፤ እሱን ብዙ ጊዜ ጠቅልሎ መልሶ ይተፋዋል፣ የቀረው ፀጉር በኩሱ ይወጣል።

የጅብ ኩስ ሲደርቅ ነጭ ነው፤ በእንጨት ሲነኩት እንደ ኖራ ይደቃል። ነጭ ያደረገው የአጥንቱ ማዕድን፣ ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው። ጅቦች ደጋግመው የሚጸዳዱበት የተለየ ቦታ አላቸው፤ እዚያ የደቀቀውን ዝናብ ወደ አፈር ያሰርገዋል። ሜዳ ላይ ቢተው ለመፍረስ ዓመታት የሚፈጅበት አጥንት ጅብ ሆድ ውስጥ በጥቂት ቀናት ወደ ዱቄትነት ይለወጣል።

ከእኛ ሥጋ ቤት ጋር ያለው ትስስርም ተጠንቷል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ፤ ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት እርድ ሲቀር፣ የሥጋ ቤት ትራፊም ሲደርቅ፣ በኩሱ ውስጥ የአህያ ፀጉር የሚገኝበት መጠን ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሰው ሲጾም ጅቡ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቀሌ አካባቢ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የከብት ጥንብና ትራፊ እንደሚያነሱ አሰላ፤ በዚህም በአባ ሰንጋና በሳንባ ነቀርሳ ሊያዙ የሚችሉ 5 ሰዎችንና 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎችን ያተርፋሉ ብሏል። ደመወዝ ለማይከፈለው የጽዳት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ሥራ ነው።

አዲስ አበባም ጅብ አላት፤ ቀን በወንዝ ዳር ገደልና በእንጦጦ ጫካ ይውላል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ነገር ግን የዚህን ሁሉ ሕዝብ አጥንት ጅብ ብቻውን አይችለውም፤ ቢችልም ፎስፈረሱን የሚጥለው እዚሁ ገደል ላይ እንጂ ቦረና ወስዶ አይደለም። ከከተማው ታጥቦ የሚወርደው ንጥረ ምግብ በአቃቂ ወንዞች አድርጎ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ እዚያ እምቦጭ ይቀለብበታል። የሚበዛው ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ቆሼ ተከምሯል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው ያ ቆሼ ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚያው የተመረቀው የረጲ ጣቢያ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ያ ኃይሉን ማትረፍ ነው፤ ፎስፈረሱ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራል። ገጠር ውስጥም ኩበት ሲነድ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ምጣዱ ይግላል፣ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ማሳው ባዶውን ያድራል።

የጎደለውን በግዢ እንሞላዋለን። ከሞሮኮ የፎስፌት ድንጋይ የተሠራ ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በከባድ መኪና አርሲና ጎጃም ይገባል፤ ገበሬው በየዓመቱ በዋጋው ይቃጠላል። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድሩ ሳይመንስ፣ ዳዊት ሰሎሞንና ሌሎች ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ የሚጣለው የከብት አጥንት ቢሰበሰብ አገሪቱ ከምትጠቀምበት የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከ28 እስከ 58 በመቶ ሊሸፍን ይችላል። ዘዴው ከባድ አይደለም፤ አጥንቱን አየር በማይገባበት ምድጃ አክስሎ መፍጨት ነው። ጅቡ በጥርሱና በአሲዱ የሚሠራውን እሳትና ወፍጮ ይሠሩታል፤ ልዩነቱ ዱቄቱ በከረጢት ተሞልቶ በሬው ወደመጣበት ማሳ መጫን መቻሉ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አጥንቱን ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ሥጋ ቤቶች አጠገብ ለአጠገብ በተደረደሩባቸው እንደ ሩዋንዳ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ይህ በአንድ ጋሪ ሊጀመር ይችላል።