ዓይን ላይ ያረፈች ጠብታ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 በአሜሪካ፣ አትላንታ፣ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል አንዲት የ22 ዓመት ረዳት ተመራማሪ ጦጣ ስታዛውር ፈሳሽ ነገር ዓይኗ ውስጥ ተረጨባት። ሥራው ለአደጋ እምብዛም አያጋልጥም ተብሎ ስለሚታሰብ መነጽር አላደረገችም ነበር። በታኅሣሥ ሕይወቷ አለፈ።

ገዳዩ ቢ ቫይረስ ነው። ጦጣዋን ቢበዛ አፏን ያቆስላታል፤ ሰው ላይ ግን አንጎል ድረስ ይዘልቃል፣ ቶሎ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ከዚያ ወዲህ የጤና ባለሥልጣናት ጦጣ ለሚነካ ሁሉ የዓይን መከላከያን አጥብቀው መከሩ። የተረጨበት ሰውም እዚያው በዚያው ዓይኑን ለ15 ደቂቃ በውሃ ይታጠባል።

የእንስሳቱ ምቾትም የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ የተጨነቀ ጦጣ ይነክሳል፣ ይቧጭራል። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ በምርምር ላይ እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካትን፣ ቁጥራቸውን መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቅለልን መክረዋል። ዛሬም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የሚጠይቁት እነዚህኑ ነው።