ስለ ጭንቀት የሚባለውና እውነታው

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ አለርት ሆስፒታል ይገኛል። የሥጋ ደዌ እርግማን ነው፣ በዘር ይወረሳል እየተባለ ታማሚው ከሰው ሲገለል እዚያ ይታከም ነበር። ዛሬ በመድኃኒት እንደሚድን የሰፈሩ ሰው አሳምሮ ያውቃል። ልቡ በሆነ ባልሆነው የሚደልቅበት፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን አሁንም ሕመሙን ይደብቃል። «እምነቱ ቢጸና ኖሮ አይጨነቅም ነበር» እንዳይባል ይፈራል።

አባባሉ ሐሰት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው፤ ሕመሙ ጸሎተኛውንም ሰጋጁንም ይይዛል። ጭንቀት ሰውነት ከአደጋ ለማምለጥ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። ሕመም የሚሆነው አደጋ ሳይኖርም አልበርድ ሲል ነው። ጸሎትና ዱዓ ለብዙዎች ማረፊያ ናቸው፤ ከሕክምናም ጋር አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

«ቡና ያረጋጋል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። የሚያረጋጋው ጎረቤቱና ጨዋታው ነው። ካፌይኑ ግን ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ይህንኑ የሕመሙ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ከቡናው ሥነ ሥርዓት አይቅሩ፤ አቦሉን አሳልፈው ቀጠን ያለውን በረካ ይጠጡ።

ጫት ሐሳብ ያስረሳል የሚሉ ደግሞ አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው ሲያልፍ ድብርትና ሥጋት ይከተላሉ። ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው አልኮል፣ ጨብሲ የሚባለው፣ እንቅልፍ ያበላሻል፣ ጠዋት ጭንቀቱን አባብሶ ይመልሰዋል።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን «የሚያስጨንቅህን ነገር ራቀው» የሚለው ምክር ይመስለኛል። ከአየር ጤና ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ድንገት ልቡ የደለቀበት፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። ወዲያው ቀለል ይለዋል። አእምሮው የሚማረው ግን «ከታክሲው በመውረዴ ተረፍኩ» የሚለውን ነው። በማግስቱ ታክሲውን፣ ቀጥሎ ገበያውን፣ ከዚያም ለቅሶ መድረሱን ይተዋል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካና በራሱ ይወርዳል። ይህን የሚያየው ሳይወርድ የቆየ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከሚያምነው ሰው ጋር አጭር መንገድ፣ ከዚያ ረዘም ያለ፣ በመጨረሻም ብቻውን ይሂድ፤ ፍርሃቱ እስኪበርድ አየር ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱን ማርዘም ይረዳል።

አንዱን የእግር መንገድ፣ ሌላዋን መዝሙር፣ ሦስተኛውን ለወዳጁ መናገር ያሳርፈዋል። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ መመዘን ይቻላል፦ ከሰውና ከሥራ ያቀራርበኛል ወይስ ያርቀኛል? የሚያርቅ መላ ለጊዜው ቢያሳርፍም መላ አይደለም።

ጭንቀቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ሥራ ከነሳዎት፣ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው በግልጽ ይናገሩ። ደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግርም ልብ ስለሚያስደልቁ በቅድሚያ ይመርመሩ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ነግረው ሆስፒታል ይሂዱ።