«ታቀፊው!» ከነቀምቴ እስከ ጉቴ

ነቀምቴ መናኸሪያ ገብታችሁ በአዲስ አበባ መስመር ወደ ምሥራቅ የሚጭን ሚኒባስ አጠገብ ሩብ ሰዓት ብትቆሙ፣ ልጅ በአገራችን መንገድ ላይ እንዴት እንደሚቆጠር ትረዳላችሁ። እናት ሦስት ልጆች አስከትላ ትመጣለች። ረዳቱ አንዴ በዓይኑ ይለካቸዋል። ትልቁን እንደ ግማሽ ሰው፣ ሁለቱን ደግሞ እንደ ምንም ይቆጥራቸዋል። «ትንሹን ታቀፊው፣ እቺን መሐል ላይ ጠጋ አድርጊያት» ይላል። በሩ ይዘጋል። የተሳፈሩት አራት ሆነው ሳለ ወንበር የተያዘው ለእናትየዋ ብቻ ነው።

ልጅ ይዞ መንገድ መውጣት በእኛ ዘንድ ምክንያት ይፈልጋል። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ መስቀል ደረሰ፣ አያት ታመመች። እንዲያው አገር ለማሳየት ልጅ ይዞ መውጣት ግን «ልጅ ምን አውቆ!» የሚያሰኝ ቅንጦት ነው። ምክንያቱ የትልቅ ሰው ስለሆነ ጉዞውም በትልቅ ሰው ልክ ይሰፋል። ሰርጉ አዲስ አበባ ከሆነ የሦስት ዓመት ልጅ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ያለቅሳል፣ ያስመልሰዋል። ከዚያ «ይሄ ልጅ መንገድ አይወድም» ይባላል። እስቲ አሁን ይሄ መንገድ መጥላት ነው?

ጉቴን የምመርጠው ለዚህ ነው። የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ የሆነችው ጉቴ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ በዚያው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ትገኛለች፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ለትልቅ ሰው ይህ ጉዞ አይባልም። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ከቤት ወጥቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ሌላ ከተማ ደርሶ፣ በልቶ ተመልሶ በራሱ አልጋ የሚተኛበት ሙሉ ጉዞ ነው። ልጁ መሰላቸት ከመጀመሩ በፊት ደርሳችኋል። ቢታመም ወይም ዝናብ ቢመጣ ነቀምቴ ቅርብ ናት።

ጉቴ ላይ ምን ይታያል የሚል አይጠፋም። ሐውልት ፍለጋ ከሆነ ነቀምቴ ይሻላችኋል፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ጉቴ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የትንሽ ልጅ ዓይን ግን ከእኛ በታች ነው የሚያየው። ለሱ አስፋልት የሚያቋርጥ የበሬ መንጋ፣ ሸክም የበዛበት አህያ፣ ድልድይ ሥር የሚሄድ ደፍራሽ ውኃ፣ ከቁመቱ በላይ የበቀለ በቆሎ ሁሉም ትርኢት ነው። ወደ ኮምቶ ተራራ ብታሳዩትና «ያ ጥቁር የመሰለው ሁሉ ደን ነው» ብትሉት የሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት በጥያቄ ያልቃል። ጦጣ ከታየማ ምን አለፋችሁ፣ ለሳምንት ሌላ ወሬ የለም። ወራቱን ለሚመርጥ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ይሆናል፣ አንጮቴም የሚበላው በዚያ ሰሞን ነው። በክረምት የሚወጣ ግን በጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይጥል መመለስ አለበት።

እዚህ ላይ በወለጋ መንገድ ላይ ልጅ ይዞ ስለመውጣት ሲወራ የማይዘለል ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር ብዙ ቤተሰብ ካለ ግድ መንገድ አይወጣም። ልጆች «መንገድ» የሚለውን ቃል ከትልልቆች የሹክሹክታ ወሬ ጋር ነው የሚያውቁት። ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የመንገዱን ወሬ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ ይቅርባችሁ። ጉቴ የትም አትሄድም። ኬላ ላይ ውረዱ ተብሎ ፍተሻ እንደሚኖር ለልጁ ቀድሞ መንገርም ይጠቅማል። «መኪናው ይቆማል፣ እንወርዳለን፣ መታወቂያ አሳይተን እንመለሳለን» የተባለ ልጅ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያይ ያን ያህል አይደነግጥም። ሳይነገረው የወረደው ግን የእናቱን ፊት እያየ ይፈራል።

ወደ መኪናው እንመለስ። ማስመለስን የሚያህል የልጅ ጉዞ ጠላት የለም። ሐኪሞች እንደሚሉት ነገሩ የሆድ ብቻ አይደለም። የውስጥ ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ የመኪና ወንበር ጀርባ ብቻ የሚያየው ዓይን ደግሞ «የለም፣ ቆመናል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሐል ይምታታና ሆድ ይገለበጣል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ብዙም አይነካቸውም፤ የሚብስባቸው ከዚያ በላይ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉት ናቸው። እንግዲህ ትልልቆች መሐል ተወሽቆ፣ ጀርባና ጀርባ እያየ የሚሄደው ልጅ በዚህ ዕድሜ ያለው መሆኑን ልብ በሉ! መድኃኒቱም ፊት ለፊት ራቅ አድርጎ ማየት፣ ስልክ አለመስጠትና ንጹሕ አየር ነው።

አየር ስንል ደግሞ ያቺ የታወቀችው ጦርነት ትነሳለች። ልጁ ፊቱ ገርጥቷል፣ እናቱ መስኮት ትከፍታለች። ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይመጣል። ይዘጋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብርድ የፈራው ሰውዬ ሱሪ ላይ የሆነው ሆነ። ብርድ ከታጠበ ሱሪ ይሻላል ብሎ የሚያስረዳ ረዳት እስኪገኝ ድረስ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ቀድሞ መያዝ ነው። ሎሚ ማሽተቱም ይቀጥል፤ ባያድን እንኳ ልጁን ሥራ ያስይዘዋል። ፌስታል ግን ከሎሚው በፊት በእጅ ይያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ፌስታል ደርሶ አያውቅም። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን። በቅቤ የራሰ ጩምቦ አጉርሶ መኪና ውስጥ ማስገባት ዕዳው ለራስ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ያ «ታቀፊው» የሚለው ቃል ነው። የእናት እቅፍ ለልጅ ከምንም በላይ አስተማማኝ ይመስለናል። ቤት ውስጥ እውነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ሲጋጭ ግን ልጁ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃንን በዚያች ቅጽበት የትኛውም እጅ አይዘውም፤ ፍቅር ስላነሰ አይደለም፣ ጉልበት ስለማይበቃ ነው። ፊት ወንበር ላይ አቅፎ መቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የልጅ መቀመጫ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በዚህ መስመር ላይ ከእኛ ሚኒባስ ጋር የሚተላለፉት ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚላቸው አይሱዙዎች መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

«የልጅ መቀመጫ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ዋጋውም አይቀመስም፣ ብዙው ሚኒባስም የሚታሰርበት ቀበቶ የለውም። ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። ለልጁ ወንበር መግዛት። ነቀምቴ ጉቴ የአንድ ልጅ ሒሳብ ቤት አያፈርስም። «ለዚህ ለሕፃን?» ብሎ የሚስቅ ረዳት ቢኖር ይሳቅ፤ ከፍላችኋል፣ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። ሁለት ጎረቤት ቤተሰብ ተስማምቶ መኪና ኮንትራት ቢይዝ ደግሞ ሾፌሩን «ቀስ በል» ማለትም፣ መንገድ ላይ ማቆምም ይቻላል። የራሱ መኪና ያለው ልጆቹን ከኋላ ያስቀምጥ፣ ቀበቶ ይሰር። ባጃጅ ለከተማ ውስጥ ነው፤ በዋናው አስፋልት ላይ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ልጅ ይዞ ጉቴ መሄጃ አይደለም። የፒክአፕ ጭነት ላይ መሳፈርን አላነሳውም፣ ማንሳትም አልፈልግም።

ከደረሱ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይገባል፤ የሌለው ቡና ጠጥቶ፣ በቆሎ ጠብሶ ይውላል። አንድ ነገር ብቻ። አኮ፣ ማለት አያት፣ ለልጅ ልጇ የምትሰጠው የመጀመሪያ ነገር አሁን የታለበ ወተት ነው፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። እምቢ አትበሉ፣ አፍሉት። «ከተማ የለመደ ሆድ ነው፣ እቴ፣ ትንሽ ይሙቅለት» ቢባል የሚቀየም አያት አላየሁም። ውኃ ከቤት ይያዝ። ልጁ የጭቃ ጫማውን ይዞ ግቢ ለግቢ ዶሮ ሲያባርር የሚገታው አይኑር፤ የመጣው ለዚህ ነው።

ጉቴ ሁለት ሦስቴ ከተሄደ በኋላ ሲሬ አለች፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ባኮ። ባኮ ሌላ ዓለም ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆን ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የትናንሽ ልጆች ጆሮ ይደፈናል። የሚጠባ ሕፃን ጡት ይያዝ፤ ትልቁ ውኃ ይጎንጭ ወይም ማስቲካ ያኝክ። ወረድ ሲባል ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ የማንጎው ዛፍ ይመጣል። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ የሚያድር አጎበር ይያዝ፤ ተመልሶ ልጁ ያተኮሰው ደግሞ «መንገድ ደክሞት ነው» ሳይል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰደው።