ከቍስል ጋራ የተኖረ ረዥም ዕድሜ

የእጅ ወይም የእግር ስብራት ለሰው ሁሉ ይታያል፤ ወጌሻ የጠገነውም በጊዜው ይድናል። በልጅነት በአንጐል ላይ የሚደርስ ከባድ ጕዳት ግን ቍስሉ በውጭ ከጠገገ በኋላ በውስጥ ሆኖ ከልጁ ጋራ ያድጋል፤ በእንቅልፉም፥ በሥራውም፥ በትዳሩም፥ በእርጅናውም ሳይለየው ይኖራል። የዚህን ነገር እውነተኛ መልክ ለመረዳት የሚፈልግ አንባቢ በአሜሪካ አገር ከባርነት አምልጣ ብዙዎችን ነጻ ያወጣችውን የሐሪየት ተብማንን ኑሮ ቢመለከት ሰፊ ትምህርት ያገኛል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሪየት በ1822 ዓ.ም. ገደማ በሜሪላንድ ግዛት፥ ዶርቸስተር በሚባለው አውራጃ፥ ከባሪያ ወላጆች ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አራሚንታ ነበር። ዕድሜዋ 13 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ባክታውን በተባለች መንደር ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ሳለች፥ ያለ ፈቃድ ሥራውን ጥሎ የወጣ አንድ ባሪያ በእርሻው አለቃ ሲባረር ደረሰ። አለቃው ልጅቱ ሰውየውን ይዛ እንድታሳስረው ቢያዛት እንቢ አለች። እርሱም ለሚዛን የሚያገለግል፥ ሁለት ፓውንድ ማለት አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብረት አንሥቶ ወደ ሸሺው ወረወረ፤ ብረቱም እርሱን ስቶ የልጅቱን ራስ ቅል ሰበረ።

ሐኪም የጠራላት አልነበረም። በሸማኔ ዕቃ መቀመጫ ላይ ሁለት ቀን ተጋድማ ከቈየች በኋላ፥ ደሟ ከላቧ ጋራ በፊቷ ላይ እየወረደ ወደ እርሻ እንድትመለስ ተደረገ። ማበጠሪያ ነክቶት የማያውቀው ጎፈሬዋ የብረቱን ኀይል አብርዶ ሕይወቷን ሳያተርፍላት እንዳልቀረ ኋላ ትናገር ነበር። ጌታዋ ሊሸጣት ቢሞክርም፥ ታማሚ መሆኗን ያየ ገዢ ሁሉ ጥቂት ገንዘብ እንኳ ሊሰጥባት አልፈቀደም። በዚያ ገበያ ሚዛን የልጅቱ ዋጋ ከምንም የማይቈጠር ሆነ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ብርቱ የራስ ሕመም አልተለያትም። እንቅልፍም ሳታስበው ይጥላት ነበር። በሥራ ላይ ወይም ከሰው ጋራ ስትጫወት በድንገት ታንቀላፋለች፤ ሌላ ሰው ቢቀሰቅሳት አትነቃም፤ በራሷ ጊዜ ስትነቃ ግን ንግግሯን ካቋረጠችበት ቃል ትቀጥላለች። ሕልም የሚመስል ራእይም ታይ ነበር፤ እርሷም ይህን ከእግዚአብሔር እንደሚመጣ ምልክት አድርጋ ታምንበት ነበር። በኋላ ዘመን ስለ ሕመሟ የጻፉ ሐኪሞች ምልክቶቹን አይተው ከሚጥል በሽታ ዐይነቶች አንዱ ሳይሆን እንዳልቀረ ገምተዋል።

ይሁን እንጂ ዋጋ የላትም የተባለችው ልጅ ጉልበቷ ሲመለስ ከአባቷ ጋራ በጫካ ግንድ ትቈርጥና ትጐትት ጀመር። የቀን ሥራ እየፈለገች ለጌታዋ የተወሰነ ገንዘብ በየዓመቱ ትከፍል ነበር፤ ከተረፋትም በ40 ዶላር ሁለት በሬዎች ገዛች። በ1844 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብማን የተባለ ነጻ ሰው አገባች። በ1849 ዓ.ም. ለመሸጥ መታሰቧን ስለ ፈራች አምልጣ ፊላደልፊያ ገባች።

ራሷን ካዳነች በኋላ ግን ዐርፋ አልተቀመጠችም። እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ 13 ጊዜ ያህል ወደ ሜሪላንድ ተመልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎችን አወጣች። ሌሊቱ ረዥም የሆነበትን የክረምት ብርድ ትመርጥ ነበር፤ የጠፋ ባሪያ ማስታወቂያ እስከ ሰኞ በጋዜጣ ስለማይወጣም ጕዞውን ቅዳሜ ማታ ታስጀምር ነበር። በዚህ ሁሉ ጕዞ ያ እንቅልፍ በመንገድ ላይ ይጥላት ነበር። የሚከተሏት ሰዎች አሳዳጅ ከኋላቸው ሳለ በዱር ውስጥ ዝም ብለው እስክትነቃ ይጠብቋታል፤ ስትነቃም ተነሥታ ትመራቸዋለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የእርሷ ብልሃት ከእነርሱ ትዕግሥት ጋራ ተባብሮ ሁሉም በሕይወት ደረሱ።

በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ አስታማሚና ሰላይ ሆና አገለገለች። በሰኔ 1863 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና በኮምባሂ ወንዝ ላይ የተላከውን የጦር ጕዞ በመምራት ስለ ተባበረች ከ700 በላይ ባሮች ነጻ ወጡ። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በኦበርን ከተማ ሽማግሌ ወላጆቿንና መጠጊያ የሌላቸውን ድኾች በቤቷ ይዛ በድኽነት ኖረች። በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የራሷ ሕመም እንቅልፍ ስለ ከለከላት በቦስቶን ሆስፒታል ራሷን ተቀደደች፤ ማደንዘዣ አልፈልግም ብላ ጥይት በጥርሷ ነክሳ እንደ ታገሠች ይነገራል፤ ከዚያም ጥቂት ዕረፍት አገኘች። ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን የደከመችለት ቤት በ1908 ዓ.ም. ተከፈተ። እርሷም በዚያው ሆና በመጋቢት 10 ቀን 1913 ዓ.ም. ዐረፈች። ከቍስሉ ጋራ የኖረችው ሰባ ስምንት ዓመት ያህል ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቍስል ሰውን ያተልቃል የሚል አይደለም፤ ብረቱ የሰጣት ሥቃይን ብቻ ነው። የሐኪሞች ትምህርት እንደሚያስረዳው፥ በልጅነት አንጐሉ የተጐዳ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ እንቅልፉ ይዛባል፤ የሰማውን ይረሳል፤ ቍጣውንም መግታት ይሳነዋል። አንዳንዱም ጉድለት ወዲያው ሳይታወቅ፥ ልጁ አድጎ ከባድ ትምህርትና ኀላፊነት ሲመጣበት ይገለጣል። ስለዚህ መልኩ ጤነኛ፥ ንግግሩም የቀና ልጅ ሥራ ሲያቋርጥ ወይም ሲያንቀላፋ ሰነፍ ብሎ መምታት በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው። የሚጥል በሽታ የያዘውንም ሰው በጐኑ አስተኝቶ፥ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ፥ ራሱን ከድንጋይ መጠበቅ ይገባል፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

የባሪያ ነጋዴዎች ሐሪየትን በጤናዋ ብቻ መዝነው ከንቱ አሏት። በዱር የጠበቋት ሰዎች ግን እንቅልፏ ጥቂት ጊዜ እንደሚወስድ፥ ከእንቅልፏም በኋላ መንገዱን እንደምታውቅ ተረድተው ነበር። ለተጐዳ ልጅ ከቤተ ሰቡ፥ ከመምህሩና ከአሠሪው የሚፈለገው ትልቁ ርዳታ እንዲህ ያለው መጠበቅ ነው።