የመንገደኛ ማደሪያና የመኪና ጉዞ በአየርላንድ

የአየርላንድ ደሴት ከሰሜን እስከ ደቡብ 486 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች፣ ካርታዋን ዘርግቶ የሚመለከታት አባወራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዙሪያዋን አዳርሶ፣ በየሌሊቱ በአዲስ ከተማ እያደረና ለልጆቹ ሁሉን እያሳየ በሰላም የሚመለስ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ግን የካርታውን ስፋት እንጂ የመንገዱን ጠባይ አይቶ የተነሣ አይደለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የታቀደው ጉዞ በሦስተኛው ቀን ይፈታና አባት በመሪው ላይ ይደክማል፤ እናት ሻንጣ ስትከፍትና ስትዘጋ ትሰለቻለች፤ ሕፃናቱም ከኋላ ወንበር ሆነው መቼ እንደርሳለን እያሉ ያለቅሳሉ። በዚያች አገር ጉዞውን የሚያቃናው ማደሪያው ስለሆነ፣ ከመንገዱ በፊት ስለ ማደሪያው መናገር ይገባል።

እንግዳን ተቀብሎ ማሳደር በአየርላንድ ከጥንት ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ምግባር ነበር። ብሬሆን የሚባሉት ዳኞች በሚፈርዱበት በቀድሞው የአገሩ ሕግ፣ የብሪዩጉ ማዕረግ የነበረው ባለጸጋ ለመጣው መንገደኛ ሁሉ፣ ማን ነህ፣ ከወዴትስ መጣህ ብሎ ሳይከለክል፣ የሚበላውንና የሚተኛበትን የመስጠት ግዴታ ነበረበት፤ በዚህ ልግስናውም ክብሩ ከአንድ ነገድ ንጉሥ ክብር ጋር ይስተካከል ነበር። ገዳማቱም በበኩላቸው ለነዳያንና ለነጋድያን የእንግዳ ቤት ነበራቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በልጅነቱ ሥዕል ተሸክሞ በእግሩ እየዞረ ይሸጥ የነበረውና የመንገደኛን ድካም በገዛ ጀርባው ያወቀው ኢጣሊያዊው ቻርልስ ቢያንኮኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1815 ከክሎንሜል እስከ ካሂር ሕዝብ የሚያመላልስ የፈረስ ሠረገላ ሥራ አስጀመረ፤ ሥራውም እየሰፋ ሄዶ የደቡቡንና የምዕራቡን ከተሞች እርስ በርስ አገናኘ፤ ፈረሶቹ የሚለወጡባቸው ጣቢያዎችም ለተሳፋሪው ማረፊያ ሆኑ።

የዚህ ሁሉ ልማድ የዛሬው ወራሽ፣ አገሬው ቢ ኤንድ ቢ እያለ የሚጠራው፣ መኝታንና ቁርስን በአንድ ዋጋ የሚሰጠው የቤተሰብ ማደሪያ ነው። ይህ ቤት እንደ ሆቴል ለእንግዳ ብቻ የታነጸ አይደለም፤ ባለቤቶቹ በአንደኛው ወገን እየኖሩ፣ ሦስት ወይም አራት ወይም አምስት ክፍል ለመንገደኛ ያሰናዱበት መኖሪያ ነው። ከእነዚህም ክፍሎች መካከል ወላጆችንና ሁለት ልጆችን አንድ ላይ የሚያሳድረው ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሌላው መንገደኛ ይልቅ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልገዋል። የሚደርስበትንም ሰዓት አስቀድሞ ይናገር፤ ቢዘገይም ስልክ ይደውል፤ በሩን የምትከፍትለት የቤቱ እመቤት ራሷ እንጂ የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ አይደለችምና። እራት ደግሞ በአብዛኞቹ ቤቶች አይሰጥም፤ ቤተሰቡ የሚመገበው በአቅራቢያው ባለ ምግብ ቤት ወይም ምግብ በሚያቀርብ መጠጥ ቤት ሲሆን፣ ሕጉ ሕፃናት በመጠጥ ቤት ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በላይ እንዲቆዩ ስለማይፈቅድ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከማደሪያ መድረስ የግድ ነው።

ቁርሱ የዚያ ቤት ክብር ነው። እመቤቲቱ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እንግዳው የሚሻውን ትጠይቃለች፤ በነጋውም ከ2 ሰዓት ጀምሮ የተጠበሰ ቋሊማ፣ ራሸር የሚባል የአሳማ ሥጋ፣ ጥቁርና ነጭ ፑዲንግ፣ እንቁላል፣ ቲማቲምና እንጉዳይ በአንድ ሳህን ሞልታ፣ ወፍራም ሻይ አፍልታ ታቀርባለች። አጠገቡ የሚቀመጠው ቡናማ ዳቦ እርሾ የሌለበት፣ በአሬራ ተለውሶ በሶዳ የሚነሣ፣ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊትም አናቱ በቢላዋ በመስቀል ምልክት የሚሰነጠቅ ነው። ቋሊማውም ራሸሩም የአሳማ ሥጋ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ፑዲንግም ደም ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ስለሆነ፣ ከእኛ ወገን የሆነ ቤተሰብ፣ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊም፣ የማይበላውን ገና ሲደርስ ቢናገር ይከበርለታል፤ በምትኩም እንቁላል ወይም ዓሣ ይቀርብለታል። በረቡዕና በዓርብ የሚጾም ሰው ደግሞ ያ ያማረ ዳቦ ወተት የነካው መሆኑን አውቆ፣ በውኃ ብቻ የተሠራ የአጃ ገንፎና ፍራፍሬ እንዲሰናዳለት ይጠይቅ።

መንገዶቹ በአራት ፊደላት ይታወቃሉ። ኤም የሚል ምልክት ያለበት አውራ መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ ኤን የተባለው ብሔራዊ መንገድ እስከ 100፣ አር የተባለው የአውራጃ መንገድ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ኤል የተባለው የገጠር መንገድ ግን እስከ 80 ይፈቅድ የነበረው እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ወደ 60 ዝቅ ተደርጓል። ከደብሊን እስከ ጋልዌይ ያለው 210 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በአውራ መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚያልቅ፣ መንገደኛው የቀረውንም አገር በዚሁ መጠን ይለካል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። በምዕራቡ ዳርቻ የተጻፈው ፍጥነትና በእርግጥ የሚነዳው ፍጥነት አይገናኙም፤ ስለዚህ በዚያ ወገን ኪሎ ሜትርን ትቶ ሰዓትን መቁጠር፣ በካርታው ላይ በተገኘውም ሰዓት ላይ ቢያንስ ሢሶውን መጨመር ጥበብ ነው።

ቦሪን የሚሉትን የገጠር መንገድ ቀረብ ብለን እንመልከት። ስፋቱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ ጎማ በማይረግጠው መካከሉ ሣር በቅሎ የመኪናውን ሆድ እየዳሰሰ ያልፋል፤ በግራና በቀኝም የድንጋይ ካብ ወይም ቀይ አበባው የተንዠረገገ የፉክሺያ አጥር ስለሚቆም፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ትራክተር ይምጣ ወይም የበግ መንጋ ይምጣ አይታይም። ሁለት መኪናዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ ለመተላለፊያ ተብሎ ሰፋ ወደተደረገው ስፍራ የቀረበው ወደ ኋላ ተመልሶ ለሌላው ያሳልፋል፤ ያለፈውም አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ አንሥቶ ያመሰግናል። ይህ ሥነ ሥርዓት በማንም ሳይታዘዝ የሚፈጸም ነውና፣ እንግዳም ቢሆን ሊማረው ይገባል።

የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በመኪናው ቀኝ ስለሚገኝ ማርሹን የሚቀይረው ግራ እጅ ይሆናል፤ በአደባባይም ጉዞው እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ የሚዞር ሲሆን፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን አእምሮው ለዚህ ሁሉ መንቃት ስላለበት፣ ከአውሮፕላን ወርዶ በዚያው ዕለት ወደ ምዕራብ መገስገስ አይገባውም። ማርሽ መቀየር የማያሻትን አውቶማቲክ መኪና መከራየት ዋጋው ቢበዛም ድካሙን ያቀልለታል።

እንግዲህ ለአሥር ሌሊት የሚሄድ ቤተሰብ ማደሪያውን እንዲህ ቢያከፋፍል መልካም ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በደብሊን አካባቢ አርፎ፣ በማግሥቱ ወደ ኪላርኒ ሲወርድ፣ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ በካሼል አለት ያርፋል፤ በዚያም ልጆቹ ክብ ግንቡንና እ.ኤ.አ. በ1134 የተቀደሰውን የኮርማክ ቤተ ጸሎት እያዩ እግራቸውን ያፍታታሉ። በኪላርኒ ሦስት ሌሊት ያድራል። የኬሪ ዙሪያ የሚባለው መንገድ 179 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ የአገር ጎብኚ አውቶቡሶች ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ስለሚዞሩ፣ ባለ ትንሽ መኪናም ከእነርሱ ቀድሞ በማለዳ ተነሥቶ በዚያው አቅጣጫ ቢሄድ፣ በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት ከመገናኘት ይድናል።

ኪላርኒ ካለችበት ከኬሪ አውራጃ ወደ ክሌር አውራጃ ሲሻገር በሊመሪክ በኩል መዞር አያስፈልገውም፤ ከታርበርት እስከ ኪሊመር የሻነንን ወንዝ አፍ በ20 ደቂቃ የምታሻግር፣ መኪናን ከነተሳፋሪው የምትጭን ጀልባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ታሳጥርለታለች፤ ለልጆቹም ከሁሉ የበለጠ ደስታ እርሷ ናት። በክሌር ሦስት ሌሊት አድሮ 214 ሜትር ከፍታ ያለውን የሞኸር ገደልና ቡረን የተባለውን የኖራ ድንጋይ ምድር ይመለከታል። ከዚያ በኮኔማራ በኩል ወደ ዌስትፖርት ወጥቶ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ በአጠገቡ ቅዱስ ፓትሪክ 40 መዓልትና 40 ሌሊት ጾሞበታል እየተባለ የሚተረክለት 764 ሜትር ከፍታ ያለው ክሮክ ፓትሪክ ተራራ ይገኛል። በጁላይ መጨረሻ እሑድ ብዙ ሺህ ተሳላሚዎች ወደ ተራራው ስለሚወጡ፣ በዚያ ሰሞን ማደሪያ ሳይዙ መሄድ ሜዳ ላይ ማደር ነው። ወደ ደብሊን ሲመለስም በሻነን ዳር ቅዱስ ኪራን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረተውን የክሎንማክኖይዝን ገዳም ፍርስራሽ ጎብኝቶ፣ የመጨረሻውን ሌሊት በአውሮፕላን ጣቢያው አቅራቢያ ያድራል።

ወራቱንም ማሰብ ያሻል። በጁን በምዕራቡ ዳርቻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በዲሴምበር ግን ደብሊን ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ትጠልቃለች። በምዕራቡ በአንዳንድ ስፍራ በዓመት 225 ቀን ያህል ስለሚዘንብ፣ በአንድ ቦታ ሁለትና ሦስት ሌሊት የሚያድር ሰው የዘነበበትን ቀን በቤት አሳልፎ በማግሥቱ ብራ ሲሆን ይወጣል፤ በየሌሊቱ የሚዛወረው ግን ዝናም ያጠፋበትን ቀን መልሶ አያገኘውም።

የሕጉን ነገር በአጭሩ እንናገር። ቁመቱ ከ150 ሴንቲ ሜትር ክብደቱም ከ36 ኪሎ ግራም ያነሰ ልጅ በልጆች መቀመጫ መታሰር አለበት። ደብሊንን የሚከበው ኤም 50 አውራ መንገድ ቀረጥ ቢኖረውም የክፍያ በር ስለሌለው፣ ክፍያው እስከ ማግሥቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ መፈጸም አለበት፤ የተከራየ ሰውም መኪና አከራዩ ይህን ይከፍል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ወደ ሰሜን አየርላንድ ሲገባ ኬላ አይገኝም፤ ነገር ግን ግዛቱ የዩናይትድ ኪንግደም ስለሆነ የፍጥነቱ ቁጥር ወደ ማይል ይለወጣል፤ 60 የሚለው ጽሑፍም 97 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ይሆናል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአየርላንድ ቪዛው ለዚያ ወገን እንደማያገለግለው፣ በሌላው አውሮፓ አገር ያገኘው የሸንገን ቪዛም ለአየርላንድ እንደማይበቃው ይወቅ፤ የሚጠይቀው ዘበኛ ባይኖርም ሕጉ አለና።

ስለዚህ ቤተሰብዎን ይዘው ወደዚያች ደሴት ለመሄድ ያሰቡ እንደሆነ፣ የሚያዩትን ከመዘርዘርዎ በፊት የሚያድሩባቸውን ሦስት ወይም አራት ስፍራዎች ይወስኑ፤ በእያንዳንዱም ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይያዙ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚዛወሩበት ቀን ከአራት ሰዓት፣ በሌላው ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አይንዱ። ያላዩት ቦታ ቢቀር ሌላ ዓመት ይመለሱበታል፤ ድካም ያስመረረው ልጅ ግን ያየውንም ቦታ በደስታ አያስታውሰውም።