ሞቱን የሚቆጥር ከተማ

የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ዘመን ከተማቸው ድንኳን ነበር። ማገዶው ሲመናመን፣ ምንጩ ሲደፈርስ፣ በሽታ ሲገባ ሰፈሩ ይነቀልና ሌላ ሜዳ ላይ ይተከላል፤ ቆሻሻው ለዝናብና ለጅብ ይተዋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ይህ ልማድ ተቋረጠ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በአንገረብና በቃሃ ወንዞች መካከል ግንብ ተገነባ፣ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፣ ገበያ ቆመ፤ ሰውም አያቱን በቀበረበት ደብር ልጁን ክርስትና አስነሣ። ስለ ጎንደር በተጻፈ ቁጥር ግንቡና ሊቃውንቱ ይወሳሉ፤ ይገባቸዋልም። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ከቦታው የማይነቀል ከተማ ከገዛ ቆሻሻው ጋር እንዴት አድርጎ ይኖራል?

ነቅሎ መሄድ በራሱ መድኃኒት እንደ ነበር ወደ ድንኳን የተመለሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ምስክር ነው። በ1866 ክረምቱ ሊገባ ሲል ጦሩ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ እንደ ሰፈረ ኮሌራ ገባበት፤ ተስቦም ተከተለ። ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቢያማክሩት፣ የሐይቁን ዳር ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ ነገራቸው። ሰፈሩም ወደ ደብረ ታቦር ተነሣ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የዓለም ወረርሽኝ፣ የለንደን ምሥራቃዊ ሰፈሮች በኮሌራ ይረግፉ ነበር። ለንደን ግን ድንኳን አይደለችም፤ ተነቅላ የምትወጣበት ደጋ የላትም። ባለችበት ሆና መዳን ነበረባት። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ የፋብሪካ ከተሞች ያገኙት መፍትሔ ፋብሪካ የሌላትን ጎንደርን የሚመለከታትም በዚህ ነው፤ ችግሩን የወለደው አንድ ቦታ ላይ የተከማቸው ሕዝብ እንጂ የፋብሪካው ጭስ ብቻ አልነበረም። መፍትሔውም ከሐኪም ቤት አልመጣም። ሞትን የሚመዘግብ፣ በውኃና በፍሳሽ ላይ ሥልጣን ያለው፣ ከከተማው ግብር ደመወዝ የሚቆረጥለት ቋሚ የከተማ ሹመት ነበር። ለዚህ ሹመት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ባለሙያ፣ የሞት መዝገብ፣ ከከተማው ካዝና ጋር የተያያዘ ሥልጣን። ጎንደር ከሦስቱ ባለሙያውን ከየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ቀድማ አፈራች። የጎደሉት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በመቁጠር ነው። እንግሊዝ ከ1837 ጀምሮ ልደትንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ታስመዘግብ ስለ ነበር፣ ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ባወጣው ዘገባ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ነገር ማሳየት ቻለ። በማንቸስተር የሠራተኛው ክፍል አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ነበር። በገጠራማው ራትላንድ ያሉ ሠራተኞች አማካይ ግን 38 ነው። የማንቸስተር ባለጸጎችና ባለሙያዎችም የነበራቸው ያንኑ 38 ነበር፤ ከተማው የባለጸጋውን ዕድሜ ከገጠር ድኻ ጋር አስተካክሎት ነበር ማለት ነው። 17 ዓመት ሲባል ሰው ሁሉ በዚያ ዕድሜ ይሞታል ማለት አይደለም። ቁጥሩን እንዲህ ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው፤ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በተቅማጥ፣ በኩፍኝና በሳንባ ምች የሚቀሩት በመብዛታቸው። ያንን ሐዘን እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ታውቀው ነበር። መዝገቡ ያደረገው ሐዘኑን ደምሮ ከምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ከዘገባው የበለጠ ግን የሊቨርፑል ሥራ ሊጠና ይገባዋል። ሊቨርፑል በ1846 የራሷን የጽዳት ሕግ አስወጥታ፣ በ1847 ሐኪሙን ዊልያም ሄንሪ ደንከንን የከተማው ጤና መኮንን አድርጋ ሾመች፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ ጎን መሐንዲሱ ጄምስ ኒውላንድስና የጽዳት ተቆጣጣሪው ቶማስ ፍሬሽ ተሰለፉ። አንዱ ሞቱ የሚበዛበትን መንገድ ይለያል፣ ሁለተኛው ለዚያ መንገድ ቦይ ይቆፍራል፣ ሦስተኛው በየምድር ቤቱ ታጭቆ የሚኖረውን ሰውና የሞላውን ሽንት ቤት እየተዘዋወረ ይመለከታል። ሦስቱም ያገለግሉ የነበረው አንዱን የከተማ ምክር ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በየከተማው በጭብጨባ አልተቀበሉትም፤ ቤት አከራዮችና ግብር ከፋዮች ገንዘባችንን ከመሬት በታች ልትቀብሩት ነው ብለው ተሟግተዋል። ኒውላንድስ ከ1848 ጀምሮ የዘረጋው የፍሳሽ መስመር ግን ለዘመኑ ከተሞች አርአያ ሆነ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ቻድዊክም ሆነ አብዛኛው የዘመኑ ሐኪም በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ታዲያ ከስሕተት የተነሣ ሥራ እንዴት አርአያ ይሆናል? ይህን እምነት እኛ ልንንቀው አንችልም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያን ሁሉ ሰው ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ከዚሁ ብዙ ባልራቀ እሳቤ ነው፤ ጭሱ ክፉውን አየር ያባርራል ብለን። ስሕተቱ ጉዳት እንዳደረሰም መካድ አይቻልም። የለንደን ሹማምንት ሽታውን ለማጥፋት ሲሉ የየቤቱን ጉድጓድ አጥበው ወደ ቴምዝ ወንዝ ለቀቁት፤ ሕዝቡ ደግሞ ከዚያው ወንዝ ይጠጣ ነበርና በ1848 እና በ1849 የነበረው ኮሌራ ባሰበት። ቢሆንም ስሕተቱን ያረመው ያው የቆጠራ ሥራ ነው። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹ ከየትኛው የውኃ ድርጅት ይቀዱ እንደ ነበር ቤት ለቤት እየጠየቀ አነጻጸረ። በ1892 ደግሞ በጀርመን የማያሻማው ማስረጃ መጣ። ሃምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር። አጠገቧ ያለችው አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም ከሃምቡርግ በታች የረከሰውን እየቀዳች፣ በአሸዋ ታጣራ ነበር። ሃምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው በኮሌራ ስትቀብር አልቶና ከሞላ ጎደል ተረፈች፤ ድንበራቸው አንዳንድ ቦታ ላይ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። አንድ አየር እየተነፈሱ በውኃ ተለያዩ። ሞቱን የሚመዘግብ ከተማ የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ቢነሣ እንኳ መዝገቡ መልሶ ያርመዋል። የማይመዘግብ ከተማ ትክክለኛውን ሐሳብ ቢይዝ ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ደምቢያ እንውረድ። በ1953 ከጎንደር በስተደቡብ እስከ ጣና በተዘረጋው ሜዳ ወባ ተነሥቶ ሕዝቡን ፈጀ። 7,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ የሚገመተውም ከተራ ሐዘንተኛና ከተራ ቀባሪ በቀር መዝጋቢ ስላልነበረ ነው። በ1954 መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ርዳታ ጋር ሆኖ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። ከሌላ ቦታ የሐኪም ትምህርት ቤት አምጥቶ መትከል ይቻል ነበር። የተመረጠው ግን ሌላ ነው፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተምረው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ። «ጤና መኮንን» የሚለው ስም ከደንከን ሹመት ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ የሦስትዮሹ አደረጃጀት ደግሞ የሊቨርፑልን ሦስት ሰዎች ያስታውሳል። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ሥጋ ቤትና ጠላ ቤት ይመለከታል። ነርሷ ቤት ለቤት ዞራ እናቶችንና ሕፃናትን ታያለች። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ያስተዳድራል፣ ወረርሽኝ ይከታተላል። በ1958 ወባ እንደገና ተነሥቶ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ሲገመት፣ ሐኪሙ በጣት በሚቆጠርበት አገር እንዲህ ያለ ቡድን ማሠልጠን ምን ያህል አርቆ ማየት እንደ ነበር ታየ።

ታዲያ ጎንደር ለምን እንደ ሊቨርፑል አልሆነችም? ድኽነት ነው የሚል መልስ ይቀርባል፤ ከፊሉም እውነት ነው። እኔ ግን ሌላው ምክንያት የበለጠ ይታየኛል። ደንከን የከተማው ሹም ነበር፤ ያየውን ሞት ቦይ ለሚቆፍረው መሐንዲስ ያስረክብ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ካዝና ይበሉ ነበር። የጎንደር ምሩቅ ግን የጤና ሚኒስቴር ሠራተኛ ሆነ። ውኃው የሌላ መሥሪያ ቤት፣ ቆሻሻው የማዘጋጃ ቤት፣ መሬቱ የሌላ። ሳኒታሪያኑ የተበከለውን ጉድጓድ አይቶ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ኮሌጁ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሲሆን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በ1990ዎቹ ነው። ሐኪም ማፍራቱ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ነገር ግን የከተማው ምርጥ ጭንቅላት ዐይኑን ከመንደሩ ወደ አልጋው አዞረ።

በሽተኛ በር ላይ ወድቆ ስለ ቦይ ማውራት ጭካኔ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ትክክል ነው፤ ለታመመ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪምና መድኃኒት ነው፣ ያንን የሚከለክል ክርክር ሁሉ ክፉ ነው። እኔ የምለው በሽተኛው ታክሞ ድኖ ያንኑ ውኃ ሊጠጣ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው። ሌላው፣ የበለጠ ምሁራዊ የሆነው ተቃውሞ የቶማስ ማኪዮን ነው። ይህ የእንግሊዝ ምሁር የሞት መጠን የቀነሰው በዋናነት ምግብ ስለ ተሻሻለ እንደ ሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳ ለምሳሌ መድኃኒቱ ከመገኘቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ይቀንስ እንደ ነበር ተከራክሯል። ስለ ነቀርሳው ያለው እውነት ነው፤ የተራበን ሰው በሽታ እንደሚቀድመው በክፉ ቀን ያየ አገር ይህን አይክድም። ነገር ግን ምግብ ብቻውን አልቶናን ከሃምቡርግ አይለያትም። ታሪክ ጸሐፊው ሳይመን ስሬተር እንደ መለሰለትም፣ የከተሞች ሞት ከባድ ቅናሽ ያሳየው ምክር ቤቶቹ ገንዘብ አውጥተው ውኃና ፍሳሽ በሠሩበት ዘመን ነው። ወባስ? ወባን ቦይ አያጠፋውም የሚለኝ ቢኖር እስማማለሁ፤ ለዚያ አጎበርና ርጭት ያስፈልጋል። ርጭቱ የት ቀበሌ መጀመር እንዳለበት የሚነግረው ግን ያው መዝገብ ነው።

መዝገቡ ደግሞ እዚያው ሰሜን ጎንደር አለ። ዳባት ወረዳ ውስጥ ኮሌጁ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየተከታተለ ይመዘግባል፤ የሟች ቤተሰብ እየተጠየቀ የሞቱ ምክንያት ይለያል። እንግሊዝ በ1837 የጀመረችው ሥራ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የእርሷ አገር አቀፍ መሆኑ፣ የዳባት የጥናት መሆኑ። ለመላው አገር የሚሠራው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ በ2012 ወጥቶ በ2016 ሥራ ጀመረ። ከ2003 ወዲህም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ስለ ሽንት ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ቤት ለቤት ያስተምራሉ፤ የጎንደሩ ቡድን የልጅ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ባለሙያው አለ፤ መዝገቡም እየተወለደ ነው።

የጎንደር ከተማ ቧንቧ ግን ዛሬም በፈረቃ ይመጣል፤ የአንገረብ ግድብ በደለል ይሞላል፤ የመገጭ ግድብ ግንባታ ስንት ዓመት ተጓተተ። ከተማውን የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የለም፤ ቤቱ ሁሉ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ ሲሞላም ክረምቱ ወደ ቃሃና ወደ አንገረብ ይወስድለታል። አተት ገባ ሲባል ጤና ቢሮው ድንኳን ተክሎ ያክማል፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከተማው ግን አይነቀልም። የዳባት ዓይነቱ መዝገብ ለከተማው ቀበሌዎች በየወሩ ቢዘጋጅ፣ ግልባጩ ለውኃና ፍሳሽ አገልግሎቱና ለከንቲባው ቢደርስ፣ ቀጣዩ የቧንቧ መስመር የሚዘረጋበትን ሰፈር የሚወስነው ያ ቁጥር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጤና መኮንን፣ አንድ መሐንዲስና አብረው የሚፈርሙበት በጀት ነው። ሁለቱንም ሙያ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።